ጓንት፣ አልኮልና የታሸገ ብልቃጥ፦ ስለ ክትባት ክፍል ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

የወንድሜ ሚስት ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም አንድ ረጅም ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ «ሲስተር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ? ማክሰኞ የልጁ ሦስተኛ ቀጠሮ ነው» ብላ ጽፋለች። ቤተሰቡ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚለኝ። ዘጠኝ ዓመት ክትባት ክፍል ስለሠራሁ ስሜን የረሱት ይመስለኛል።

ጽሑፉ ለወላጆች የተጻፈ ምክር ነው። ልጅዎን ሲያስከትቡ ሰባት ነገር ይመልከቱ፣ አንዱ ከጎደለ ልጅዎን ታቅፈው ይውጡ ይላል። ነርሷ ጓንት ታድርግ። ቆዳውን በአልኮል ትጥረግ። መርፌውን ከሰካች በኋላ ሳብ አድርጋ ደም አለመምጣቱን ትይ። ብልቃጡ እፊትዎ ይከፈት፣ የተከፈተ አይቀበሉ። ክትባቱ በረዶ የነካው፣ በደንብ የቀዘቀዘ ይሁን። ከወጋች በኋላ መርፌውን መልሳ ትክደነው። በአንድ ቀን ከአንድ መርፌ በላይ እምቢ ይበሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ለአንድ ልጅ ብልቃጥ አንከፍትም» ብለው እናቶችን የሚመልሱ ጤና ጣቢያዎችን ይወቅሳል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ለልጆች ብለው እንደጻፉት ግን ያስታውቃል። የመጨረሻዋ ወቀሳቸውም ልክ ናት፣ እመለስባታለሁ። ከሰባቱ ግን አንዱንም እንዳለ መቀበል አልቻልኩም። ሁለቱ እንዲያውም አስደንግጠውኛል።

ከቀላሉ ልጀምር፤ ከጓንቱ። ጓንት ያደረገች እጅ ንጹሕ ትመስላለች። እኔ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ። ጠዋት የተደረገ ጓንት ካርድ ይጽፋል፣ ፍሪጅ ይከፍታል፣ ስልክ ያነሳል፣ አፍንጫ ያካል፣ መሀል መሀል ደግሞ ልጅ ይወጋል። ይህ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የመርፌ አሰጣጥ መመሪያ ነገሩን ቀላል አድርጎታል። የሠራተኛዋ እጅ ካልቆሰለ፣ የልጁም ቆዳ ደህና ከሆነ፣ ለተራ የክትባት መርፌ ጓንት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው እጅ መታጠብ ነው፣ ወይም በሳኒታይዘር ማሸት። ነርሷ ጓንት ካደረገች ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ መቀየር አለባት። ስለዚህ ጓንት ፈልጋችሁ ክፍሉን ከምታማትሩ፣ በእናንተና ከእናንተ በፊት በነበረችው እናት መካከል እጇን ምን እንዳደረገች እዩ።

አልኮሉም እንዲሁ ነው። ያው መመሪያ ለክትባት መርፌ ቆዳን በአልኮል መጥረግ አይጠይቅም። የልጁ ጭን ንጹሕ ከሆነ ይበቃል። ከቆሸሸ በውሃና በሳሙና ይታጠባል። አልኮል የተጠቀመ ሰው ኃጢአት ሠራ ማለቴ አይደለም። ከጠረገ ግን እስኪደርቅ ይጠብቅ፣ በተለይ እንደ ኩፍኝ ያለ፣ በተዳከመ ሕያው ተህዋስ የተሠራ ክትባት ሲሆን። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ጠረጴዛው ላይ ክዳን ያለው ብረት ዕቃ አለ አይደል? ውስጡ በአልኮል የራሰ ጥጥ የተጠቀጠቀበት? ቀኑን ሙሉ ጣት ይገባበታል፣ ጣት ይወጣበታል። ብዙ ሰው ያን ዕቃ ሲያይ ልቡ ያርፋል። መመሪያው ግን ጥጥ አርሶ ማስቀመጥን በግልጽ ይከለክላል፣ ጥጡ ራሱ ስለሚበከል።

ሦስተኛው «ሳብ አድርጋ ደም አለመምጣቱን ካላየች ሙያዋን አታውቅም» የሚለው ነው። ይህን አንዲት አያት ፊት ለፊት ብለውኛል። «የኔ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ነው እንዴ የምትወጊው? የድሮዎቹ እኮ ስበው ያዩ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የድሮዎቹ ይስቡ ነበር። እኔም ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የተማርኩት። አሁን ግን ለክትባት ቀርቷል። የሚወጋው የጭን ውጪኛው መሀል ነው፣ ወይም የክንድ ላይኛው ክፍል። እዚያ ቦታ የሚያሰጋ ትልቅ የደም ሥር የለም። መርፌውን ሰክቶ ሲጎትቱ ደግሞ ልጁን ያመዋል፣ መርፌውም ሥጋ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 የክትባት ሕመምን ስለ መቀነስ ባወጣው ምክር ላይ «አትሳቡ» ያለው ለዚህ ነው።

ደግሞ ሲሪንጁ ራሱ አይፈቅድም። የክትባት ሲሪንጅ ፋርማሲ እንደሚሸጠው አይደለም። አንዴ ይሳባል፣ አንዴ ይገፋል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይቆለፋል። የፈለገውን ያህል ጉልበት ያለው ሰው ቢስበው ወይ ፍንክች። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ (ዩኤንኤፍፒኤ) በአንድ ላይ ሆነው እስከ 2003 ማብቂያ ክትባት ሁሉ በዚህ ዓይነት ሲሪንጅ ብቻ እንዲሰጥ ጥሪ አድርገው ነበር። ምክንያት ነበራቸው። በ2000 ብቻ አንድ መርፌ ለብዙ ሰው በመጠቀምና በመሳሰሉት 21 ሚሊዮን ሰው በሄፓታይተስ ቢ፣ 2 ሚሊዮን በሄፓታይተስ ሲ፣ 260,000 ደግሞ በኤችአይቪ እንደተያዘ ድርጅቱ ገምቷል። ያቺ የምትቆለፍ ሲሪንጅ የመጣችው ከዚህ ነው። ሠራተኛዋ ልድገመው ብትል እንኳ አትችልም። ጽሑፉ ግን ስለ ሲሪንጁ አንድ ቃል አላለም። ወላጅ መቁጠር ካለበት ይህን ይቁጠር፤ ለእያንዳንዱ መርፌ አዲስ ሲሪንጅ ከማሸጊያው ወጥቷል ወይ?

አሁን ወደ ብልቃጡ፤ ካስደነገጡኝ ሁለቱ የመጀመሪያው ይህ ነው። «የተከፈተ ብልቃጥ አይቀበሉ» የሚለው ስህተት ብቻ ቢሆን አልፈው ነበር። ችግሩ ወላጁን ከእውነተኛው አደጋ አዙሮ ሌላ ቦታ እንዲያይ ማድረጉ ነው።

አንዳንዱ ክትባት ፈሳሽ ሆኖ ይመጣል። ፔንታ፣ ማለትም ትክትክን ጨምሮ አምስት በሽታ የሚከላከለው ፀረ አምስቱ፣ እንደዚያ ነው። የቲታነሱም እንዲሁ። የብዙ ሰው ብልቃጥ ሲሆን ተህዋስ እንዳያድግበት ማቆያ ይጨመርበታል። ስለዚህ ከተከፈተ በኋላ እስከ 28 ቀን ይሠራበታል። ሁኔታ አለው። ቅዝቃዜው ተጠብቆ መቆየት አለበት። ጊዜው ያላለፈበት መሆን አለበት። ውሃ ውስጥ መነከር የለበትም። የተከፈተበት ቀን ላዩ ላይ ይጻፋል። ብልቃጡ ላይ ክብ ምልክት አለች፣ በውስጧ ነጣ ያለች አራት ማዕዘን። ሙቀት ባገኛት ቁጥር አራት ማዕዘኗ እየጠቆረች ትሄዳለች። ከክቡ ጋር እኩል ከሆነች ወይም ከበለጠች ብልቃጡ ይጣላል። ሁሉም ከተሟላ የተከፈተው ብልቃጥ ከታሸገው በምንም አያንስም። «የተከፈተ ነው» ብላችሁ ልጅ ታቅፋችሁ ብትወጡ የተጎዳው ልጁ ነው።

ኩፍኝና ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባቱ) ግን ሌላ ናቸው። ዱቄት ሆነው ይመጣሉ። ሠራተኛዋ በመበጥበጫው ውሃ፣ እኛ ዳይሉዌንት በምንለው፣ ትበጠብጣቸዋለች። ማቆያ የላቸውም። ከተበጠበጡ በኋላ ዕድሜያቸው ቢበዛ 6 ሰዓት ነው። የዕለቱ ክትባት ከዚያ በፊት ካለቀ የተረፈው ያኔውኑ ይጣላል። «ሁለት ልጅ የሚበቃ ተርፏል፣ ለነገ ይሁን» የሚባል ነገር የለም። ስድስት ሰዓት ያለፈበት የኩፍኝ ብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያ ካደገ ልጁ ክትባት ሳይሆን መርዝ ነው የሚወጋው።

ይህን ለማስፈራራት አልተናገርኩትም። ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን፣ ካፖኤታ አካባቢ፣ በኩፍኝ ዘመቻ ላይ 15 ሕፃናት ሞቱ። ሲጣራ ለአራት ቀን ሙሉ በአንድ መበጥበጫ ሲሪንጅ ሲሠራ ነበር። ክትባቱ ያለ ማቀዝቀዣ ነበር። ክትባቱን ከሚሰጡት ሰዎች መካከል የ12 ዓመት ልጆች ነበሩ።

ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2014፣ ሶርያ ኢድሊብ ውስጥ እንደዚሁ 15 ሕፃናት ሞተዋል። እዚያ ብልቃጡ ንጹሕ ነበር፣ ክትባቱም ደህና። የተበጠበጠው ግን በዳይሉዌንቱ አልነበረም። ለቀዶ ጥገና ጡንቻ ለማፍታታት በሚሰጥ አትራኩሪየም በሚባል መድኃኒት ነበር። ብልቃጦቹ ይመሳሰላሉ። በ2018 ደግሞ ሳሞአ በምትባል የፓስፊክ ደሴት አገር ላይ ሁለት ሕፃናት በተመሳሳይ ስህተት ሞቱ። ክትባቱ ለወራት ተቋረጠ፣ ሰውም ፈራ። በቀጣዩ ዓመት ኩፍኝ ገባና 83 ሰው ገደለ። አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ነበሩ።

እንግዲህ ጽሑፉን በእነዚህ ልጆች ላይ አስቀምጡት። ኢድሊብ ላይ ጓንት ምን ይሠራል? አልኮልስ? የክትባቱ ብልቃጥ እናትየው ፊት ቢከፈት ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?

የሚለውጠው ፍሪጁ ውስጥ ምን እንደተቀመጠ ነው። እኔ የሠራሁበት ክፍል አንድ ቀን ከሰዓት ከሌላ ክፍል አንዲት ጓደኛዬ መጣች። እጇ ላይ ጥቂት ብልቃጥ መድኃኒት ይዛለች። «የኛ ፍሪጅ ተበላሽቷል፣ ለዛሬ ሌሊት ብቻ አስቀምጪልኝ፣ በናትሽ» አለችኝ። እምቢ አልኳት። ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ፣ ቡና ስንጠጣ እንኳ ወንበሯን አዙራ ትቀመጥ ነበር። እስካሁን አልተጸጸትኩም። ክትባት ፍሪጅ ውስጥ ሌላ መድኃኒት ተደባልቆ አይቀመጥም። ዳይሉዌንት ከክትባቱ ፋብሪካ አብሮት የመጣው ብቻ ነው። የቢሲጂው ለኩፍኝ አይሆንም። ሲበጠበጥም እንደ ክትባቱ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ለእያንዳንዱ ብልቃጥ መበጥበጫ ሲሪንጁ አዲስ ነው። ከመበጥበጥ በፊት ስሙ ይነበባል። እኔ ጮክ ብዬ ነበር የማነበው። አንዳንድ እናት የምጸልይ ይመስላታል።

ወላጅ ይህን ሁሉ ቆሞ መቆጣጠር አይችልም። አንድ ጥያቄ ግን መጠየቅ ይችላል፦ «ሲስተር፣ ይሄ መቼ ነው የተከፈተው?» ለኩፍኝና ለቢሲጂ መልሱ ሰዓት ነው፣ ብልቃጡ ላይም ተጽፎ መታየት አለበት። ሠራተኛዋ ተቆጥታ «ምን አገባሽ» ካለች ያኔ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ፈልጉ።

ስለ በረዶው ያሉት ሁለተኛው ያስደነገጠኝ ነው። «በረዶ የነካው ክትባት ትኩስነቱን የጠበቀ ነው» ይላሉ። ሥጋ መሰላቸው እንዴ? ፔንታ፣ ፒሲቪ (የሳንባ ምች ክትባቱ)፣ ቲታነስ፣ በመርፌ የሚሰጠው ፖሊዮና የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት በረዶ ከያዛቸው አለቀላቸው። ልጁ ይወጋል፣ ያለቅሳል፣ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ ግን አልተከተበም። ትክክለኛው ቅዝቃዜ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አይስ ፓኩን፣ ውሃ የሞላበትን ማቀዝቀዣ ፕላስቲክ፣ ከፍሪጁ በረዶ ቤት አውጥቼ እተወዋለሁ። ትንሽ ቆይቼ ጆሮዬ ጋ አድርጌ እነቀንቀዋለሁ። ውስጡ ውሃ ሲንቦጫቦጭ ከሰማሁ ነው ካሪየር፣ ማለትም የክትባት መያዣው ሳጥን፣ ውስጥ የማስገባው። ድንጋይ ሆኖ ከገባ አጠገቡ ያለውን ብልቃጥ በረዶ ያደርገዋል። አንድ የፔንታ ብልቃጥ በረዶ ነክቶታል ብዬ ከጠረጠርኩ ደግሞ ሆን ብዬ በረዶ ካደረግኩትና ከቀለጠ ሌላ የፔንታ ብልቃጥ ጋር እኩል አራግፌ ጎን ለጎን አቆማቸዋለሁ። የተበላሸው ቶሎ ይዘቅጣል። የተጠረጠረው እኩል ከዘቀጠ ወደ መጣያ ነው።

«መርፌውን መልሳ ትክደን» ያሉትን ሳነብ አውራ ጣቴን አየሁት። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ክፍሉ ሞልቷል፣ አንድ ሕፃን ይጮኻል፣ እኔ ክዳኑን በግራ እጄ ይዤ መርፌውን ለመክደን ሰነዘርኩ። ክዳኑን ስቼ ጣቴን ወጋሁት። ትንሽ ነጥብ ደም ናት። እናትየው ልጇን አዝላ ወጥታለች። ላገኛት አልቻልኩም። በዚያው ቀን የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ጀመርኩ፣ 28 ቀን ዋጥኩ። ከ72 ሰዓት ካለፈ እንደማይሰጥ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። በመጨረሻ ደህና ሆንኩ፤ ግን እስከመጨረሻው ምርመራ ድረስ ያለፈው ጊዜ ለጠላትም አይስጠው።

ስለዚህ አይከደንም። ከተወጋ በኋላ ሲሪንጁ ከነመርፌው፣ ሳይነቀል፣ ሳይታጠፍ፣ እጅ ከሚደርስበት ሴፍቲ ቦክስ፣ ማለትም ያገለገለ መርፌ መጣያው ሳጥን፣ ውስጥ ይገባል። ቦክሱ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። ብዙ ጊዜ ያ 100 ሲሪንጅ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው። የወላጅ ዓይን የሚጠቅመው እዚህ ነው። ከቦክሱ አፍ ላይ መርፌ ተቀስሮ ካያችሁ፣ ወይም ግቢው ውስጥ ሲሪንጅ ተጥሎ ካገኛችሁ፣ ዝም አትበሉ። ልጆች አንስተው ይጫወቱበታል።

የአንድ ቀን አንድ መርፌ ጉዳይ ላይ ብዙ አልቆይም። የወንድሜ ልጅ ማክሰኞ 14 ሳምንት ይሞላዋል። ሦስት መርፌ አለው፦ ፔንታ፣ ፒሲቪና ፖሊዮ። አብረው ሊሰጡ እንደሚችሉ ተፈትሾ ነው እንዲህ የተሰራው። ሁለቱ አንድ ጭን ላይ ከሆኑ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ። በሦስት ቀን ይከፋፈል ማለት ልጁን ሦስት ቀን ማስለቀስ ነው። ሩቅ የምትመጣ እናት ደግሞ ለሦስተኛው አትመጣም፣ ይህን ከካርድ መዝገብ ላይ ዘጠኝ ዓመት አይቼዋለሁ። ትክትክ ከሁሉ በላይ የሚበረታው በጨቅላው ላይ ነው፣ ቀጠሮ አይጠብቅም።

አሁን ልክ ወዳሉበት ልምጣ። «ልጅ ሲበዛ ነው የምንከፍተው፣ ረቡዕ ነይ» እየተባለች የምትመለስ እናት አለች። የኩፍኝ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ነው፣ የቢሲጂው ለ20። ሠራተኛዋ ለአንድ ልጅ ከፍታ ዘጠኙን መጣል ያሳቅቃታል፣ ሪፖርት ላይም «ብክነት» ተብሎ ትጠየቅበታለች። እኔም መልሼ አውቃለሁ። አንዷ ረቡዕ አልመጣችም። ከሁለት ወር በኋላ ልጇ በኩፍኝ ታሞ ነው ያየሁት። ተርፏል፣ ግን ፊቷን ማየት አልቻልኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ልጅም ቢሆን የኩፍኝ ብልቃጥ ይከፈት የሚል ነው። ጸሐፊው ይህን ብቻ ጽፈው ቢሆን ኖሮ ለሁሉም ዘመድ አስተላልፈው ነበር።

የተዉት ነገር ቅር አሰኝቶኛል። ስለ ልጁ አያያዝ ምንም አላሉም። ሕፃን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተጋድሞ እጅ እግሩ ተይዞ መወጋት የለበትም። እናቱ ጭን ላይ ይሁን፣ ደረቷ ላይ ተጠግቶ። ጡት እየጠባ ቢወጋ ሕመሙ በደንብ ይቀንሳል። ከአንድ በላይ መርፌ ካለ በጣም የሚያመው ወደ መጨረሻ ይደረጋል። ከተወጋ በኋላ ደግሞ 15 ደቂቃ ደጅ ላይ መቀመጥ አለ። ከባድ አለርጂ የሚያጋጥመው ከሚሊዮን መርፌ በአንዱ ገደማ ነው። ሲያጋጥም ግን በደቂቃዎች ውስጥ ነው፣ መድኃኒቱም አድሬናሊን ነው። ጸሐፊው ሰባቱን ነገር ሰርዘው «አድሬናሊን ክፍሉ ውስጥ አላችሁ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢተኩበት ይሻል ነበር።

ለወንድሜ ሚስት ይህን ሁሉ በድምፅ ላኩላት። «እሺ ሲስተር» አለችኝ። ቀጥላ «እማማ ግን ሥጋ ስላለው መቀመጫው ላይ ይወጋ እያሉ ነው» ብላ ጻፈች። እማማ ያለቻት እናቴን ነው። ደወልኩላት። የሕፃን መቀመጫ ውስጥ ሳያቲክ የሚባል ወፍራም ነርቭ እንደሚያልፍ፣ መርፌ ካገኘው እግሩ ሊሰንፍ እንደሚችል አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «አንቺ ስንት ጊዜ መቀመጫሽ ላይ ተወግተሻል፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

ማክሰኞ አብሬያቸው ልሄድ ነው።